በእኛ ዘር የለም

ደሴ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለተከበሩ እትዬ ዘይነባ፣ ላስ ቬጋስ። አላህ ከልጅዎ ከነጃት ጋር በሰላም ያቆይዎት። እኔ የወንድምዎ የይመር ሚስት ታየችና ልጃችን ሐናን፣ ደህና ነን ለማለት ያህል ደህና ነን።

ባለፈው ስደውልልዎ «ስታለቅሺ ቃልሽ አይሰማኝም፤ የምትይው ካለሽ ጽፈሽ ላኪ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ይኸው ጽፌያለሁ። ሐናን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልዎታለች፤ ሲያነቡት ምልክቱ ስለሚታየን መድረሱን እናውቃለን።

ነገሩ የሐናን ነው። ከሐምሌ ወዲህ ጣቶቿ እያበጡ ጠዋት ጠዋት ቁልፍ መቆለፍ አቅቷታል። ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ጉንጮቿ ላይ ቀይ ነገር ወጣባት። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ወባ ነው ተባለ፤ ታይፎይድ ነው ተባለ፤ የሁለቱንም መድኃኒት ጨርሳለች። አሁን የያዛት ሐኪም ገና ወጣት ነው፤ ግን ሰው ያዳምጣል። «በአባቷ ወይም በእናቷ ወገን፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ያለበት ሰው አለ? ካለ ሌላ ምርመራ አዝዤላት አዲስ አበባ እልካታለሁ» አለኝ። በእኔ ወገን ወረኢሉ ድረስ ሄጄ ያልጠየቅኩት አክስትና አጎት የለም፤ ማንም የለበትም። በይመር ወገን የቀሩት የቅርብ ዘመድ እርስዎ ብቻ ነዎት። ይመር፣ አላህ ይዘንለትና፣ ስለ ዘመድ በሽታ አውርቶ አያውቅም።

ገንዘብ አልጠይቅዎትም። አንድ ቃል ነው የምፈልገው፤ አለ ወይስ የለም። ሠርጓ ከኢድ በኋላ ነውና እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ታየች

*

ላስ ቬጋስ፣ ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወአለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ። ለታየች። አላህ ሐናንን ያፍያት፣ ለአንቺም ሶብሩን ይስጥሽ።

የዘገየሁት በሥራ ነው። ሆቴሉ ሰሞኑን በስብሰባ እንግዳ ተጥለቅልቋል፤ እኔ ደግሞ የጽዳት ሠራተኞቹ ሱፐርቫይዘር ስለሆንኩ ሺፍት በሺፍት ላይ ነው የምደርበው። አሜሪካ ያለ ሰው እግሩን ዘርግቶ ደብዳቤ የሚጽፍ አይምሰልሽ።

ጥያቄሽን አየሁት። በእኛ ዘር እንዲህ ያለ በሽታ የለም። አባቴ ዘጠና አልፎት በእግሩ መስጊድ ይሄድ ነበር። እናቴ ጥርሷ ሳይወልቅ ነው አኺራ የሄደችው። ወረኢሉ ሄጄ ጠየቅኩ ያልሽው አሳቀኝ፤ የገዛ ዘሩን ጉድ አውጥቶ የሚናገር ማን አለ? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ይመር አንቺን ሊያገባ ሲነሳ «ቤቷን አጥኑ» ብዬ ነበር፤ የሰማኝ አልነበረም። ለሐኪሙ እንዲህ ብለሽ ንገሪው፤ ነገሩ ካለም ከእናቷ ነው።

ምክር ግን አልነፍግሽም። ፀሐይ ላይ አታውጫት፤ የጠዋቷም ቢሆን አትበጃትም። ፊቷንም ትሸፍን። ያ ቀይ ነገር የመገላለጥ ተግሣጽም ሊሆን ይችላል፤ አላህ ያውቃል። እኔን ያየሽ እንደሆነ፣ በዚህ በሚጠብስ በረሃ ከሥራ ስወጣ ኒቃቤን ለብሼ፣ እጄን በጓንት ሸፍኜ ነው የምሄደው። መስጊድ ያሉ ሴቶች «የዘይነባን ዲን ይስጠን» እያሉ ይቀኑብኛል። ለሐናን የሚሆን ረጅም ጓንት በሰው ልኬያለሁ።

አንድ አደራ አለብሽ። እዚሁ ሰመርሊን ሰፈር ያሉት የሙአዊያ ቤተሰቦች ነጃትን ለልጃቸው ሊጠይቁ ነው። ትልቅ ቤት ነው፤ ልጁም የተማረ ነው። ደሴ ዘመድ አላቸው፤ ደሴ የተወራ ደግሞ ሳይመሽ ሰመርሊን ይደርሳል። ስለ ሐናን የጠየቀሽ ካለ «ብርድ መትቷት ነው» በይ።

ዘይነባ

*

ደሴ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለተከበሩ እትዬ ዘይነባ። አላህ ሥራዎን ያቅልልዎት።

ያሉኝን ለሐኪሙ ነገርኩት። «በቤተሰብ የለም» ብሎ ጻፈና አዲስ አበባ የመላኩን ነገር ተወው። ለመገጣጠሚያው ነው ብሎ የሕመም ማስታገሻ አዘዘላት። ስትውጠው ትንሽ ይሻላታል፤ ሲለቃት ይብስባታል፤ ስለዚህ አብዝታ ትውጣለች።

«ካለም ከእናቷ ነው» ያሉት ቃል ከእኔ ቀድሞ ደሴን ዞሯል። ደውለው የነገሩት ለአንድ ዘመድ ብቻ ነው አሉ፤ አንድ ዘመድ ይበቃል። የሐናን እጮኛ ቤተሰቦች ሰው ልከው «ልጃችንን በሽታ ካለበት ደም ጋር አናቀላቅልም» አሉን። የሰጡትንም ልብስ መልሰው ወሰዱ።

ያን ቀን ሐናን አጠገቤ ቁጭ ብላ «እማ፣ ካንቺ ነው እንዴ የመጣብኝ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? ይቅር በይኝ ልጄ አልኳት። እትዬ ዘይነባ፣ ስለማላውቀው ደሜ የወለድኳትን ልጅ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ጓንቱ ደርሶናል። ተለብሶ የታጠበ ነው እንጂ ልክ ሆኗታል። እባክዎ አንዴ ደግመው ያስቡ። የእናትዎ እህት ትሁን፣ የአጎት ልጅ ትሁን፣ ፊቷ የሚቀላ፣ ጣቷ የሚያብጥ ሴት ትዝ አይልዎትም?

ታየች

*

ላስ ቬጋስ፣ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወአለይኩም ሰላም። እንኳን ለረመዳን አደረሰሽ፤ አላህ ጾማችንን ይቀበለን።

አንድ ጊዜ የለም ካልኩ የለም ነው። ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።

አሁን የምጽፍልሽ ለሌላ ነገር ነው። ከኢድ በኋላ የሙአዊያ ዘመዶች ሽማግሌ ሆነው እቤትሽ ይመጣሉ። የእኛን ቤት ሊያጠኑ ነው፤ ወጉ ነው፤ አሜሪካ ሆነውም አልተዉትም። ሦስት ነገር አደራ እልሻለሁ። አንደኛ፣ ሐናንን ከቤት አውጫት፤ ወረኢሉ እናትሽ ዘንድ ትሰንብት። ያን ፊት ይዛ ሻይ እንዳታቀርብላቸው። ሁለተኛ፣ በይመር ቤት በሽታ አለ ወይ ብለው ከጠየቁሽ የለም ብለሽ ማይ። ሦስተኛ፣ አታልቅሺ።

የምትኖሩበት ቤት የአባቴ ቤት መሆኑን፣ ካርታውም በስሜ መሆኑን አልረሳሽው ይሆናል። እስከ ዛሬ ውጡ ብዬሽ አላውቅም። የልጄ ዕድል ከተበላሸ ግን የምለውን አላውቅም። ለሐናን ሰላም በዪልኝ፤ ዱዓዬ አይለያትም።

ዘይነባ

*

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለተከበሩ እትዬ ዘይነባ።

ያዘዙኝን ሁሉ ፈጽሜያለሁ። ሐናንን በሚኒባስ ወረኢሉ ሰደድኳት። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ጠየቁ፣ እኔም የለም ብዬ ማልኩ። «ነጃት ከንጹሕ ቤት ነች» ብለው መርቀው ሄዱ። አላለቀስኩም።

ሐናን ግን ወረኢሉ ሐኪም ሳያያት፣ ያንኑ ማስታገሻ እየዋጠች ነው የሰነበተችው። ሄጄ ሳመጣት ዓይኗ አብጦ ተከድኗል፤ እግሯን በጣቴ ስነካው ይሰረጉዳል፤ ሽንቷ እንደ ሳሙና ውኃ አረፋ ያወጣል። ደሴ «እኛ አንችለውም» ብለው ወደዚህ ላኩን። የበሽታው ስም ሉፐስ ነው።

እዚህ ያለው ትልቁ ሐኪም አስቀምጦ አስረዳኝ። ሴሎቻችን የሚላላኩባቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ ሳይቶካይን ይባላሉ አለኝ። ቫይረስ ሲገባ አንዱ ሴል በእነሱ ኡኡ ይላል፤ ጩኸቱን የሰማ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ይሄ ደህና ነው፤ የምንድነውም በዚሁ ነው። የሐናን ሰውነት ግን፣ ኢንተርፌሮን በሚባለው መልእክተኛ፣ ጅብ ሳይኖር ጅብ መጣ እያለ ይጮኻል። ዱላ ይዞ የወጣው ሁሉ ጅብ ሲያጣ የገዛ ቤቱን ይደበድባል። መጀመሪያ ቆዳዋንና መገጣጠሚያዋን መታ፤ አሁን ኩላሊቷን ጨርሷል። ማስታገሻውም የተረፈውን ጎዳው። «ሽንቷ ባለፈው ጥቅምት ተመርምሮ ቢሆን እናድናት ነበር። በዘር ያለበት ሰው ቢታወቅማ ያ ሐኪም ወዲያው ይልካት ነበር» አለኝ። ከዚያ እሱም ጠየቀኝ፤ በቤተሰብ ማን አለ? የለም አልኩ። ምያለሁና።

አሁን የኩላሊት እጥበት ማሽን ላይ ናት። ያንን ኢንተርፌሮን የሚባለውን ጩኸት የሚዘጋ አዲስ መድኃኒት አሜሪካ አለ አሉኝ። እዚህ አይገኝም። ለኩላሊቷ ቢዘገይም ለተረፈው ሊረዳት ይችል ይሆናል ብለውኛል። እባክዎ አንድ ሐኪም ይጠይቁልኝ፤ ምን ይባላል፣ እንዴትስ ይገኛል?

ታየች

*

ላስ ቬጋስ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወአለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ አፊያውን ያውርድላችሁ።

የነጃት ሠርግ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ያማረ ሆነ። ሰመርሊን ያለው ቤታቸው ደጁ በመኪና ተሞልቶ ፓርክ ማድረጊያ ጠፋ። ሙአዊያ በሰው ሁሉ ፊት «ከዘር ዘር መረጥን» አለ። አንቺም ቃልሽን ስለጠበቅሽ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ።

ስለ መድኃኒቱ ቼክ አድርጌያለሁ። እንዲህ ያለ መድኃኒት እዚህ የሚያውቅ የለም። ሐኪሞቹ ተስፋ ሊሰጡሽ ብለው ነው። ሰው የተጻፈለትን ነው የሚኖረው፤ ሶብር አድርጊ። የሠርጉን ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ ለሐናን አሳያት፣ ደስ ይላታል።

ዘይነባ

*

ደሴ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሐናን ትናንት ሞተች። ከአዲስ አበባ አምጥተን አባቷ አጠገብ ቀበርናት። ፎቶውን አሳይቻት ነበር፤ «ነጃት ታምራለች» አለች።

ታየች

*

ደሴ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለተከበሩ እትዬ ዘይነባ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው።

ተማም ለእረፍት አገሩ መጥቶ ለቅሶ ደረሰን። እዚያው ላስ ቬጋስ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ዊልቸር የሚገፋው ጎረቤትዎ ተማም። ደግ ልጅ ነው። ቤቱ በለቀስተኛ እንደተሞላ፣ እኔ «ከእኔ ደም ነው የሞተችብኝ» እያልኩ ስጮኽ ሰምቶ ሊያጽናናኝ ፈለገ።

«እትዬ ታየች፣ ራስዎን አይውቀሱ እንጂ» አለኝ። «ከእርስዎ ነው ያለው ማን ነው? ዘይነባ ራሷ እኮ ሉፐስ ካገኛት ስንት ጊዜዋ! በየወሩ የሐኪም አፖይንትመንቷ ላይ ድሮፕ የማደርጋት እኔ ነኝ። ያ ኢንተርፌሮኑን ብሎክ የሚያደርገው መድኃኒት በደም ሥሯ ሲገባላት ሌላ ሰው ሆና ነው የምትወጣው።»

የምናውቅ መስሎታል። አንድ ዘመድ፣ ያውም በበሽታው ልጅ የሞተባት ዘመድ፣ አታውቅም ብሎ እንዴት ይገምት? ለቀስተኛው እርስ በርሱ ሲተያይ ግራና ቀኝ አየና «አታውቁም እንዴ?» አለ። ከዚያ በኋላ ሻዩን እንኳ አልጠጣም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እርስዎ ደብቀውም መድኃኒት አግኝተዋል፤ ያጣነው ሳንደብቅ በሰው ሁሉ ደጅ የለመንን እኛ ነን። ሐኪም ሳይነግረን ፀሐይ ከልክያት ያሉኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ኒቃቡም ገባኝ። ጓንቱም የማን እጅ እንደነበረበት ገባኝ። በሐምሌ «የሚያውቅ የለም» ብለው ሲጽፉልኝ ያ መድኃኒት በደም ሥርዎ ውስጥ ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። የለም ብለው ሲጽፉ እጅዎ አላመመዎትም?

ታየች

*

ላስ ቬጋስ፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

በአላህ ስም ታየች እህቴ፣ ስልኬን ለምን አታነሺም? ስደውል ትዘጊብኛለሽ። እሺ፣ ያለፈውን ደብዳቤሽን አንብቤ ዝም ማለቴ ልክ አልነበረም። ምን ልበልሽ? ለልጄ ብዬ ነው ያደረግኩት። አንቺም እናት ነሽ፣ ታውቂዋለሽ።

ነጃት ታማለች። ያው ቀዩ ጉንጯ ላይ ወጣ። እግሯ አበጠ። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን አለ ብለዋታል። ከኩላሊቷ ናሙና እንውሰድ፣ መድኃኒትም አሁኑኑ ጀምሪ ሲሏት እምቢ አለች። ሐኪሟ በቤተሰብ አለ ወይ ሲላት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ያስተማርኳትን መለሰች፤ የለም። አሁን እኔ የራሴን ሳላነሳ አለ ስላት አታምነኝም። «ማሚ፣ ያኔ ሲያጩኝ የለም ብለሽ ማልሽ፤ አሁን ባሌን ትቼ ወደ ቤት እንድመለስልሽ ልታስፈራሪኝ ነው» አለችኝ። ስትረስ ነው ብላ ማስታገሻ ትውጣለች። ታየች፣ ማስታገሻ ትውጣለች! በየቀኑ ኩላሊቷ እየሄደ ነው።

አንቺን ታምናለች፤ አማርኛ የሚያነብላትም አይጠፋም። ጻፊላት። ሐናን በዚህ እንደሞተች፣ በዘር እንደሚሄድ ንገሪያት። ከይመር ነው በያት፤ ሟች በወሬ አይጎዳም። የእኔን ግን አደራ አታንሺ። ባሏ ቤት ከሰሙ መቆሚያ የለኝም። የደሴውን ቤት በስምሽ አዞርልሻለሁ። መድኃኒቷን እንድትጀምር ብቻ ጻፊላት።

ዘይነባ

*

ወረኢሉ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለተከበሩ እትዬ ዘይነባ። አላህ ነጃትን ያፍያት፤ ይህን ዱዓ ከልቤ ነው የማደርገው።

እንደ ቃልዎ ለነጃት ላክኩላት። ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም። የጻፉልኝን ደብዳቤዎች በሙሉ፣ ከመጀመሪያው «በእኛ ዘር የለም» እስከ መጨረሻው «ሟች በወሬ አይጎዳም» ድረስ፣ የእኔንም አብሬ በየቀናቸው ደርድሬ ላክኩላት። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ተማም ከሥራ ሲወጣ ሰመርሊን ሄዶ አነበበላት። እኔ ለብቻዋ አንብብላት አላልኩትም። ሙአዊያና ሚስቱ፣ ባሏም፣ ተቀምጠው ሰሙ።

አንብቦ እንደጨረሰ ደወለችልኝ። «አክስት ታየች፣ ሶሪ፣ የእኔ አማርኛ ትንሽ ነው» አለች። «ማሚ ፊቱን ሲሸፍን እኔ ዲን ነው ብዬ ነበር። ፀሐይ ነው። ግን ሐናን ለምን ሞተ? ሐናን መንገር ይቻል ነበር።» ከዚያ ሁለታችንም ብዙ አለቀስን። ቃሏ ሁሉ ተሰምቶኛል።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት ሄዳለች። ናሙናውን ወስደዋል፤ ኩላሊቷ ገና አልሞተም፣ በጊዜ ደርሰሻል ብለዋታል። ማስታገሻውን ጣለች፤ መድኃኒቷን ጀመረች። ከእርስዎ ጋር አንድ ክሊኒክ ሊመድቧት ሲሉ ሌላ ስጡኝ ብላ አስቀየረች። ከእንግዲህ የሚያመላልሳት ተማም ነው፤ እርስዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ተማም ሲያነብ የሙአዊያ ሚስት መሐል ላይ አቋረጠችውና «ለዚህ ነው እንዴ?» አለች። እሷም ለታይሮይዷ በየቀኑ ኪኒን ትውጣለች። ያም ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ነው፤ የሐናን በሽታ ዘመድ ነው። እናቷም ነበረባት። «ብትነግረን ኖሮ ምን እንል ነበር? ልጅቷን ከነበሽታዋ እንወስዳት ነበር» አለች። ነጃትን ማንም አላስወጣትም፤ እንደ ልጃቸው ይዘዋታል። እዚያ ቤት እንዳይገቡ የተባሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያለችውም ነጃት ናት።

እንግዲህ ሐናን የሞተችው ማንም ላልጠላው ነገር ነው። ያ የአዲስ አበባው ሐኪም ስለ መልእክተኞቹ የነገረኝን አሁንም አስበዋለሁ። ጅብ አልነበረም፤ እርስዎ ግን ጮኹ። እኔም ሰምቼ፣ ልጄን በገዛ እጄ ሚኒባስ ላይ ጫንኳት።

ቤቱን ለቅቄያለሁ፤ ቁልፉ ጎረቤት አለልዎት። ጓንቱን ሐናን ከተኛችበት ትራስ ሥር አጥቤ ትቼልዎታለሁ።

ትናንትም ከትናንት ወዲያም ሲደውሉልኝ አንስቼ ነበር፤ እንዳላነሳሁ አይቁጠሩት። ከእንግዲህ ግን አይደውሉ፤ አይጻፉልኝ። ሲያለቅሱ ቃልዎ አይሰማኝም።

ታየች